ርካሽ ጥይት ለሚፈልገው ተማሪዬ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የሽጉጥ ጥይት ነው። የኬሚስትሪ መምህርን ከጥይት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ያገናኘኝ ተማሪዬ ነው።

ልጁ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ መቂ አስተምሬዋለሁ። አሁን በደንበል ሐይቅ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ፓምፕ አለው፣ ጄኔሬተር አለው። ፓምፕ ያለው ሰው ማታ እንቅልፍ እንደማይተኛ የዱግዳ ሰው ያውቃል፤ ሌሊት ተፈትቶ የሚሄድ ፓምፕ ስንት ቤተሰብ አራቁቷል። ስለዚህ ልጁ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዞ ማሳው ላይ ያድራል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ቲቸር ሰላም ነዎት? የሽጉጥ ጥይት በጣም ተወደደብን። የአንዷ ዋጋ የቀን ሠራተኛ ከምከፍለው በልጧል። እዚህ አካባቢ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና ሞልቶ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ልጅ አለ አሉ። ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ አረሩ እርሳስ ብቻ ነው፣ አንዱ መዳብ የለበሰ ነው። የእርሳሱ ይረክሳል። የቱን ብገዛ ይሻለኛል? ኬሚስትሪ ስለሆኑ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ለእሱ ብቻ መመለስ እችል ነበር። ግን ይህን ጥያቄ በልቡ የያዘ ሰው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጽፈው ወይ ስለው «ይጻፉት፣ ስሜን ግን እንዳይጠሩ» አለኝ። እንግዲህ እነሆ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር እንጂ የመሣሪያ ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው ክፍል ውስጥ ከማስተምረው ኬሚስትሪና ከቤተሰቤ ከሰማሁት ነው። አሞላሉንም አልጽፍም፤ ያንን ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ከአሁኑ ተመለሱ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ፣ ሰው ስለሚደባልቃቸው። ጥይት የምንለው አራት ነገር ነው። ከፊት ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። አረሩን የያዘው የናስ ወይም የብረት ቅርፊት ቀለህ ነው። ቀለሁ ውስጥ ባሩድ አለ። ከቀለሁ ሥር ደግሞ ስትመታ እሳት የምትጭር አንዲት ትንሽ ክዳን አለች። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ ክዳኗ ትሞታለች፣ ቀለሁ ይተርፋል። ውዱ ዕቃ ቀለሁ ስለሆነ «ለምን ይጣላል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ዓለም ላይ ብዙ ሰው በሕግ ተፈቅዶለት ይሠራዋል።

ለምሳሌ አሜሪካ ዳላስ የሚኖር ሌላ ተማሪዬ የተኩስ ስፖርት ክለብ አባል ነው። ስለዚህ ነገር ስጠይቀው አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ አወራኝ። እዚያ አረር ለብቻው በካርቶን ይሸጣል። በጣም ርካሹ ቀልጦ በቅርጽ የወጣ ባዶ እርሳስ ነው። እርሳስ ግን ለስላሳ ስለሆነ በፍጥነት ሲሄድ አፈሙዙ ውስጥ እየተፋቀ ይቀራል፤ ከኋላ ያለው ትኩስ ጋዝም ይልሰዋል። ስለዚህ አንዳንዱን እንደ ቀለም ያለ ፕላስቲክ ይቀቡታል። ከዚያ ከፍ የሚለው በስሱ መዳብ የተነከረው ነው። ውዱ ደግሞ ወፍራም የመዳብ ቅይጥ የለበሰው ነው። ክብደቱም ይለያያል፤ ለተለመደው 9 ሚሊሜትር 7.5፣ 8 እና 9.5 ግራም የሚሆኑ አሉ። ለልምምድ ርካሹ ይበቃል ይላል፤ ወረቀት ለመብሳት መዳብ ምን ያደርጋል?

እስኪ ልብ በሉ፤ ተማሪዬ የጠየቀኝ ጥያቄ በቀጥታ ይኸው ነው። እርሳስ ወይስ መዳብ? ዳላስ ላይ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ግን የዳላሱን ልጅ ሌላ ነገር ጠየቅሁት፦ «በሳምንት ስንት ትተኩሳለህ?» «ሁለት መቶ ያህል» አለኝ። የሙሊያ መሣሪያውን፣ ሚዛኑን፣ መለኪያውን ገዝቶ ወጪው የተመለሰለት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በወር አንድ ካርቶን የሚተኩስ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል አለኝ።

ቀጥሎ የመቂውን ልጅ ጠየቅሁት። «ሽጉጡን ከያዝክ ወዲህ ስንት ተኩሰሃል?» ቆጠረ። ሦስት። ሦስቱም የአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ። «ስንት ጥይት አለህ?» አሥራ ሁለት። እንግዲህ አሥራ ሁለት ጥይት ያለውና በአራት ዓመት ሦስት የተኮሰ ሰው ርካሽ ጥይት የሚፈልገው ለምንድን ነው? ይህን ስለው ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ርካሽ ጥይት የሚያስፈልገው ብዙ ለሚተኩስ ሰው ነው። ማሳ ለሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት፣ ግን የማይከዳ ጥይት ነው።

እዚህ ላይ «አባቶቻችን ሞልተው አይደል እንዴ የተዋጉት?» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ።

ሽማግሌዎች «ውጅግራ» የሚሉትን ጠመንጃ ሰምታችሁ ይሆናል። የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ሞዴል። ፈረንሳይ በ1886 ለቤል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ውጅግራ ገበያ ላይ ተጣለ፤ በጅቡቲ በኩልም በብዛት ወደ አገራችን ገባ። ጥይቱ ትልቅ ነው፤ 11 ሚሊሜትር፣ 25 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ አረር፣ ከኋላው 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ። ቀለሁ ደግሞ ናስ ነው።

ይህ ጥይት በአገራችን ገንዘብ ሆኖ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ማርያ ትሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አንድ ብር አውጥተህ ለአንድ ቁና ጤፍ መልስ የሚሰጥህ የለም። ከብር በታች ያለውን ግብይት አሞሌ ጨውና ጥይት ይሸፍኑት ነበር። ምንዛሪው እንደ ገበያው ይለያያል። የተሞላም ጥይት ይዘዋወራል፣ ባዶ ቀለህ ራሱ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ተመልሶ ይሞላል። አያቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አባቱ ከዝናሩ አንድ ጥይት መዝዞ ጨው ገዝቶ ሲገባ እናቱ «ዛሬ ደግሞ ስንት ተኮስክ?» እያለች ታሾፍበት እንደነበር ይነግረን ነበር።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች የሞሉት ርካሽ ስለፈለጉ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። ጥይት ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በሩ ሲዘጋ ያልቃል። ጣልያን ሊወረን ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ከለከሉ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ጠመንጃው ዓይነቱ ብዙ ነበር፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጓደኛህ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ አንተ ባዶህን ትቀራለህ። ከዚያ በኋላ በአምስቱ ዓመት አርበኛው ከጠላት ማርኮ ነው የታጠቀው። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ቀለህ መሙላት የሕይወት ጉዳይ ነው። እኛ ግን በእነሱ ታሪክ የሠርግ ተኩስን ማስዋብ የለብንም።

ዋናው ልዩነት ግን ኬሚስትሪው ላይ ነው። ተማሪዎቼ፣ እዚህ ጋ ደብተር አውጡ።

ውጅግራው የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ብዙ ቦታ ይይዛል። ቀለሁን ይሞላዋል፤ በስህተት እጥፍ ልጨምር ብትል እንኳ ቦታ የለውም። ግፊቱም ዝቅ ያለ ነው። ትንሽ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ጠመንጃው ይችለዋል።

የዛሬ ሽጉጥ ባሩድ ጭስ አልባ የሚባለው ነው። በ9 ሚሊሜትር ጥይት ውስጥ ያለው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስኳር ላይ ብትለኩት ቁንጥር ናት። ይህች ቁንጥር የምትፈጥረው ግፊት ከመደበኛው የአየር ግፊት 2,300 ጊዜ ያህል ሊደርስ ይችላል። የባጃጅ ጎማ በሁለትና በሦስት እጥፍ ስንት ጉድ እንደሚሠራ ሲፈነዳ ያየ ያውቃል። አሁን ይህን በእጃችሁ መዳፍ ውስጥ፣ ከዓይናችሁ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አስቡት።

ባሩዷ ትንሽ ስለሆነች ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተርፋል። የሚሞላው ሰው ስልክ ተደውሎለት ቆጠራው ቢጠፋውና ሁለት ጊዜ ቢጨምር ከውጭ አይታይም፤ ጥይቱ እንደ ወንድሞቹ ያምራል። ሽጉጡ ግን ይፈነዳል። በተቃራኒው አንሶ ቢሞላ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ አረሩ አፈሙዙ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ተኳሹ «ጧ» የምትል ደካማ ድምፅ ይሰማል፣ ያልወጣ መስሎት እንደገና ቃታ ይስባል። ሁለተኛው አረር የመጀመሪያውን ሲገጨው ብረቱ ይቀደዳል።

ለዚህ ነው ዳላስ ያለው ልጅ ያለ ሰንጠረዥ የማይነካው። የባሩዱ ፋብሪካ ራሱ ለእያንዳንዱ የአረር ዓይነትና ክብደት ስንት ባሩድ እንደሚገባ በሚሊግራም ደረጃ ያትማል። እርሳሱን በመዳብ ብትቀይር ልኩ ይቀየራል። 7.5 ግራሙን በ9.5 ብትቀይር ልኩ ይቀየራል። ስለዚህ «እርሳስ ወይስ መዳብ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ባሩዱ ምንድን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። የእኛ ሰፈር ሻጭ ባሩዱን ከየት አመጣው? ከሌላ ጥይት ፈልቅቆ ከሆነ ስሙንም አያውቀውም። የጠመንጃ ባሩድና የሽጉጥ ባሩድ የሚነዱበት ፍጥነት ይለያያል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ እኔም አልችልም።

ቀለሁም አንድ አይደለም። ናስ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ሲሞላ ተመልሶ ይጠባል፣ እንዲህ እየተባለ መጨረሻው ይሰነጠቃል። የብረት ቀለህ ደግሞ ከናሱም የባሰ ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም ቀኝ ዓይኑ አይታይለትም ነበር። ልጅ ሆነን «ጠላት ነው ያጠፋው?» ስንለው ይስቃል። ሚዳቋ ሊመታ ወጥቶ ብዙ ጊዜ የተሞላ ቀለህ ከኋላ ተሰንጥቆ እሳቱን ፊቱ ላይ ተፋበት። ይህ እንግዲህ ታጋሽ ነው ባልኩት በውጅግራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ሚዳቋዋ ናት ያደነችኝ» ይል ነበር።

ሌላም አለ። «9 ሚሊሜትር» የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ ሌሎቹ ብዙ ሽጉጦች 9 በ19 ናቸው። የአረራቸው ውፍረት በሩብ ሚሊሜትር ያህል ይለያያል። ገበያ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ፌስታል ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ስሙ በየዜናው ከሚነሳው ከቱርክ ሽጉጥ ውስጥ መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ አረር እንዲያወጣ የተቀየረ አለ። ብረቱ ለዚያ ግፊት አልታሰበም። ደህናው ጥይት እንኳ ያሰጋዋል፣ የተሞላውማ ይቅር።

ስለ እርሳሱ ደግሞ ለእናቶች ልናገር። አረር ለማፍሰስ እርሳስ ማቅለጥ አለብህ። እርሳሱ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ነው የሚገኘው። ጭሱና አቧራው መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። በክሰል ምድጃ ላይ እርሳስ የሚቀልጥበት ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ እኔ ዘንድ ወይም ባልደረቦቼ ዘንድ ይመጣል፣ «ትምህርት አይገባውም» ይባላል። በአማርኛ የምንጽፍበትም የሚቀልጠውም «እርሳስ» መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለልጁ የመጀመሪያውን ስጡት።

ሕጉን ደግሞ ሁሉም ሰው ይወቅ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት ማምረትና መነገድ ወንጀል ነው። ሽጉጥህ ፈቃድ ስላለው ጥይቱን ከማንም መግዛት ትችላለህ ማለት አይደለም። ተማሪዬን እንዲህ አልኩት፦ «ሕጋዊ ሆነህ ያደርክበትን ማሳ በአምስት ሕገ ወጥ ጥይት ምክንያት ልታጣው ነው።»

አሁን ወደ ሒሳቡ። ግማሽ ዋጋ ተባለ። አሥር ጥይት ቢገዛ የአምስቱን ዋጋ አተረፈ። በሌላ በኩል የቀኝ እጅ ጣቶች አሉ፤ በእነዚያ ጣቶች ነው ችግኝ የሚተክለው፣ ፓምፕ የሚፈታው፣ ሞባይል ባንኪንግ የሚነካው። በክፉ ሌሊት ደግሞ ጥይቷ ባትነሳ ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ባዶ እጁን ያለ ሰው ይሸሻል፣ ሽጉጥ ያመነ ሰው ግን ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በአምስት ጥይት ዋጋ አይሸጥም።

በርካሹ ከመግዛት ይልቅ የማይባክንበት መንገድ አለ። አንደኛ፣ ሠርግ ላይ አትተኩሱ። ወደ ሰማይ የሄደ አረር ሰማይ አይቀርም፣ ይመለሳል፤ የሚያርፍበትን የሚመርጥ የለም፣ ሰው ገድሎም ያውቃል። ሦስት ጥይት ያተረፈ ሰው በግማሽ ዋጋ ስድስት የገዛ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ያላችሁን ከእርጥበት ጠብቁ። ሐይቅ ዳር ሌሊቱ ጤዛ ነው፤ ከላብ ኪስ አውጥታችሁ በደረቅ ቦታ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ፓምፕ የሚጠበቀው በጥይት ብቻ አይደለም። ከአጎራባች ማሳዎች ጋር ተራ ግቡ፣ ፓምፑን በሰንሰለት ከሲሚንቶ ጋር እሰሩ፣ ውሻ አሳድሩ። አምስት ገበሬ ተራ ከገባ እያንዳንዱ አራት ሌሊት ቤቱ ይተኛል። ተማሪዬ ይህኛውን ወዶታል፤ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር ጀምሯል።

በመጨረሻ ለአንድ ሰው መጻፍ አለብኝ። ጥይት ለምትሞላው ልጅ። ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ግን መቂ ትንሽ ከተማ ናት፣ የኬሚስትሪ መምህሩም ብዙ አይደለም። ምናልባት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠህ ይሆናል። ምናልባትም ቤተ ሙከራው ባዶ በመሆኑ ከሚያዝኑት አንዱ ነበርክ። ቀለህ አስተካክሎ፣ አረር አፍስሶ፣ ባሩድ መዝኖ የሚሠራ ሰው ሰነፍ አይደለም። እጅህ ጥሩ ነው። ትዕግሥት አለህ። ችግሩ አንተ የሸጥከው ጥይት በማን እጅ እንደሚፈነዳ አለማወቅህ ነው። ገዢህ ፓምፕ ጠባቂው ሊሆን ይችላል፣ ፓምፕ ሰራቂውም ሊሆን ይችላል። ማታ ከመተኛትህ በፊት አንዱን ጥይት እጥፍ ሞልቼ ይሆን ብለህ ታስባለህ? የማታስብ ከሆነ ያስፈራኛል፤ የምታስብ ከሆነ ደግሞ ለምን ትቀጥላለህ?

የተረፈህን ባሩድ እሳት ውስጥ እንዳትጨምረው፣ ወንዝም እንዳትጥለው። የሚያምኑህን ሽማግሌ ይዘህ ለፖሊስ አስረክብ። ከዚያ ና፣ እንነጋገር። በዚህ ከተማ ፓምፕና ጄኔሬተር በደንብ የሚጠግን ሰው ስንት ቀን ወረፋ እንደሚያስጠብቅ ታውቃለህ። የእኔ ተማሪ ሆንክም አልሆንክም ለመማር የሚረዳህ ሰው አፈላልጋለሁ።

በቃ ይኸው ነው። ፓምፕ ያለው ዘመድ ያላችሁ አንብቡለት፤ አማርኛ ለሚከብደው በኦሮምኛ ንገሩልኝ። ማሳ ስለመጠበቅ የተሻለ ዘዴ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። የሻጭ ስም ግን አትጻፉ፣ አጠፋዋለሁ።

ሰላም እደሩ።